ናይጄሪያዊው ሐኪም፣ እኛ ፓርኪንግ? እስኪ ቁጥሩን እንየው

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የአበሻ ካፌ ገብታችሁ ቁጭ በሉ። ይሄን ወሬ ሳትሰሙ አትወጡም። «ናይጄሪያዎቹን አታይም? ሐኪሙ እነሱ፣ ፋርማሲስቱ እነሱ፣ ኢንጂነሩ እነሱ። እኛ ያው ፓርኪንግ» ይላል አንዱ ማኪያቶውን እያማሰለ። ሌላው ይቀበልና «ይሉኝታ ነው የገደለን» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ናይጄሪያዊ ልጁን ቆንጥጦ ያሳድጋል፣ እኛ ግን እናሞላቅቃለን ባይ ነው። ከዚያ አራተኛው ስልኩን አውጥቶ ቁጥር ያሳያል፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ያበቃል። ቁጥር ወጣ ማለት ፍርድ ተሰጠ ማለት ነው እኛ ዘንድ።

እኔም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ራሴን ስነቀንቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን ምን እየለካ እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም። እስኪ ዛሬ ቀስ ብለን እንፍታው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ራሱ ቁጥሩ። አሜሪካ ከሚኖሩ፣ ናይጄሪያ ተወልደው ዕድሜያቸው 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰዎች ወደ 60 በመቶ የሚጠጉት የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ አላቸው። ኢትዮጵያ ከተወለዱት ደግሞ ወደ 30 በመቶ። በዚያው ዕድሜ ካለው የአሜሪካ ሕዝብ ዲግሪ ያለው ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ነው። እኛ ከአገሬው ጋር ተቀራራቢ ስንሆን እነሱ እጥፍ ናቸው ማለት ነው። በቤተሰብ ገቢም እነሱ ከአገሪቱ መካከለኛ ትንሽ ከፍ ይላሉ፣ እኛ ዝቅ እንላለን። እስከዚህ ድረስ ባለ ስልኩ ልጅ ትክክል ነው።

ይሄ ቁጥር ከየት መጣ? የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ በየዓመቱ ወደ 3 ሚሊዮን ተኩል ለሚሆኑ አድራሻዎች ረጅም መጠይቅ ይልካል። ሁለት ጥያቄዎች እኛን ይመለከቱናል። አንዱ የት ተወለድክ ይላል። ሌላው ዘርህ፣ የአያት የቅድመ አያትህ ምንጭ ከየት ነው ይላል፤ እሱን በራስህ አጻጻፍ ባዶ ቦታው ላይ ትሞላለህ። ሁለቱ የተለያዩ ሰዎችን ነው የሚሰበስቡት። የተወለደበትን አገር ካየህ ራሱ የመጣውን ብቻ ታገኛለህ። ዘሩን ካየህ እዚህ የተወለዱት ልጆችም ይገባሉ፤ ግን ሁሉም አይገቡም። አንዷ የጓደኛዬ ልጅ «አፍሪካዊ» ብላ ነው የሞላችው። ወንድሟ ደግሞ «ጥቁር አሜሪካዊ» ብሎ። ሁለቱም ኢትዮጵያዊ ተብለው አልተቆጠሩም። አባታቸው ሲሰማ ቡናው ትን አለው። ማን ራሱን ምን ብሎ ይጽፋል የሚለው ነገር ውጤቱን ምን ያህል እንደሚያዛባ ከዚህች ቤት ብቻ መገመት ይቻላል።

ይሄ ግን ትንሹ ጣጣ ነው። ትልቁ በር ነው።

በር ስል፣ ሰውየው አሜሪካ የገባበት መንገድ ማለቴ ነው። ናይጄሪያን እንይ። በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲተኮስ ናይጄሪያ በገንዘብ ተጥለቀለቀች። መንግሥትም፣ አቅም ያለው ቤተሰብም ልጁን ውጭ ማስተማር ጀመረ። ስለዚህ ወደ አሜሪካ በብዛት የገባው የመጀመሪያው ናይጄሪያዊ ተማሪ ነበር። ኮሌጅ ገባ፣ ተመረቀ፣ ሊመለስም አስቦ ነበር። ከዚያ በ1980ዎቹ የነዳጁ ዋጋ ወደቀ፣ መፈንቅለ መንግሥት ተከተለ፣ ገንዘቧ ናይራም ረከሰ። ተማሪው እዚያው ቀረ። ሥራ ያዘ፣ ዜግነት ወሰደ፣ እህቱንና ወንድሙን አስመጣ። እነሱም ቢሆኑ ከተማረ ቤተሰብ የወጡ ናቸው። ዛሬ ናይጄሪያዎች ሂውስተን ላይ የሚበዙት ዝም ብሎ አይደለም። የነዳጅ ከተማ ናት፣ ኮሌጅ አላት፣ ሙቀቷም ሌጎስን ያስታውሳል።

የእኛስ? ከ1974 በፊት አሜሪካ የነበረው ኢትዮጵያዊ ጥቂት ተማሪና ዲፕሎማት ነው። አብዮቱ ሲመጣ እሱም መመለሻ አጣ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን በሌላ በር ነው የመጣው። ቀይ ሽብርን ሸሽቶ፣ ጦርነቱን ሸሽቶ፣ በእግሩ ሱዳን ገብቶ፣ ገዳሪፍ ወይ ካርቱም ዓመታት ቆጥሮ። አሜሪካ በ1980 የስደተኞች ሕግ ስታወጣ ከአፍሪካ በዚያ በር ቀድመው ከገቡት ዋነኞቹ እኛ ነበርን። የስደተኛ በር ዲግሪ አይጠይቅም፤ መጠየቅም የለበትም። ገበሬውም፣ ወታደሩም፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ያቋረጠውም በአንድ አውሮፕላን መጣ።

ቀጥሎ ዲቪ መጣ። ሕጉ የ1990 ነው፣ ዕጣው በመደበኛነት የተጀመረው ደግሞ በ1995 ነው። በዓመት እስከ 55 ሺህ ቪዛ። መስፈርቱ ሁለተኛ ደረጃ መጨረስ ወይም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ። በቃ። አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ሁሉ መሙላት ይችል ነበር፤ እንደምታውቁት ሞላም። ከመርካቶ እስከ ደብረ ማርቆስ ፎቶ ቤቱ ሁሉ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት ለጥፎ ነበር። ናይጄሪያዎችም ለረጅም ጊዜ ከዕጣው ተካፍለዋል፤ እሱን መካድ አይቻልም። ግን ሕጉ በአምስት ዓመት ውስጥ በሌሎች መንገዶች ከ50 ሺህ በላይ ሰው የላከን አገር ከዕጣው ያስወጣል። ናይጄሪያም ከ2015ቱ ዕጣ ጀምሮ ወጣች። ለእነሱ የቀረው የቤተሰብ፣ የትምህርትና የሥራ ቪዛ ሆነ። ለእኛ ዲቪው ቀጠለ። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ክፍት ሆነ፣ የሚገባውም ሰው ዓይነት ተለየ።

ቋንቋውም አለ። ናይጄሪያ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ ትምህርቱም፣ ፍርድ ቤቱም፣ ጋዜጣውም በእንግሊዝኛ ነው። ለናይጄሪያዊ ነርስ የፈቃድ ፈተናው ከባድ ነው፤ ቋንቋው ግን የእሷ ነው። እኛ ወረቀት ላይ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምረናል። የፊዚክስ አስተማሪያችን ግን ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ጽፎ ዞር ይልና «ይሄ ማለት ምን መሰላችሁ…» ብሎ በአማርኛ ነበር የሚያስረዳን። እግዜር ይስጠው፣ ባይሆን ኖሮ አይገባንም ነበር። ዳላስ ላይ ግን ፈታኟ ዞር ብላ በአማርኛ አታስረዳም።

አሁን ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ቁጥሮቹ የእኔ ፈጠራ ናቸው፣ ለማስረዳት ያህል ብቻ። ዲግሪ ያለው ናይጄሪያዊም ኢትዮጵያዊም በዓመት 80 ሺህ ዶላር ያገኛል እንበል። ዲግሪ የሌለው ሁለቱም ጋ 40 ሺህ። ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው አንድ ሳንቲም ልዩነት የለም። አሁን ከመቶ ናይጄሪያዊ ስልሳው ባለ ዲግሪ፣ ከመቶ ኢትዮጵያዊ ሠላሳው ባለ ዲግሪ ይሁን። አማካዩን አስላ። የናይጄሪያዎቹ 64 ሺህ፣ የእኛ 52 ሺህ። የ12 ሺህ ዶላር ልዩነት ወጣ! ማንም ግን ከማንም አልሰነፈም፣ ማንም ልጁን አላሞላቀቀም። የተለያየው የሰው ስብጥር ብቻ ነው። ካፌው ውስጥ ያለው ሰው ይሄን 12 ሺህ ያይና «ባህል» ብሎ ስም ያወጣለታል።

ባህል ነው የሚለውን ሌላ ጥያቄ ደግሞ ያስጨንቀዋል። የትኛው የናይጄሪያ ባህል? አሜሪካ ያለው ናይጄሪያዊ ባብዛኛው ከደቡቡ የመጣ ነው፤ ኢግቦና ዮሩባ ይበዙበታል። እዚያው ናይጄሪያ ሰሜኑ ላይ በትምህርት ገበታ ያልተቀመጠው ሕፃን በሚሊዮን ይቆጠራል። ሂውስተን ላይ የምታየው ሐኪም የናይጄሪያ ናሙና አይደለም። ከ200 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ውስጥ በትምህርት ወንፊት ተነፍቶ የቀረ ነው።

በዚህ መንገድ ካየኸው ደግሞ የእኛ 30 በመቶ ሌላ መልክ ይይዛል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ተብለው የሚጠሩት አዲስ አበባና አለማያ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድል ከሎተሪ ይቀጥን ነበር፤ ማትሪክ ወድቆ ሳምንት ሙሉ ከቤት ያልወጣ ጎረቤት ያልነበረው ማን አለ? ከእንዲህ ያለ አገር ወጥቶ፣ ያውም ብዙው በስደተኛና በዕጣ በር ገብቶ፣ አሜሪካ ላይ ከሦስቱ አንዱ ባለ ዲግሪ ሆነ ማለት፣ ከተነሳበት አንጻር ከለካነው ትንሽ ዝላይ አይደለም። ብዙዎቹ ዲግሪውን ያገኙት እዚሁ ነው፤ ሌሊት ሥራ፣ ቀን ኮሚኒቲ ኮሌጅ። ካፌ ውስጥ ግን ይሄን የሚያወራ የለም። እኛ ራሳችንን መውቀስ እንወዳለን።

ለማመሳከር እስራኤል የሄዱትን ቤተ እስራኤሎች ተመልከቱ። ዘሩ ያው የእኛው፣ ብዙው የጎንደር ሰው። በ1984 እና 85 በሱዳን በኩል፣ ከዚያ በግንቦት 1991 በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰደ። እዚያ በር ላይ ወንፊት አልነበረም። አያት፣ የልጅ ልጅ፣ አራሽ፣ ሸክላ ሠሪ፣ አንጥረኛ፣ መንደሩ እንዳለ ነው የሄደው። በዚያው ሰሞን ከሶቭየት ኅብረት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እስራኤል ገባ፤ ከአዋቂዎቹ ከግማሽ በላይ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማሩ ናቸው። ሐኪሙና ኢንጂነሩ በዝቶ አንዳንዱ መንገድ እስከ መጥረግ ደርሷል። ዓመታት አለፉ፤ ሶቭየቶቹ በገቢ ወደ ላይ ወጡ፣ የእኛዎቹ ከታች ቆዩ። ሁለቱም ስደተኛ፣ አንድ አገር፣ አንድ ሕግ። አንዱ የመጣው ከሞስኮና ከኪየቭ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ሌላው ከእርሻ። የቆዳ ቀለሙ ነገር ደግሞ ከላይ ተጨመረበት። በ1996 ቤተ እስራኤሎች የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ሲጣል እንደኖረ ሲጋለጥ ሺዎች ኢየሩሳሌም ላይ ሰልፍ የወጡት፣ በ2015 እና በ2019 እንደገና አደባባይ የሞላው፣ ጉዳዩ የትምህርት ደረጃ ብቻ ስላልሆነ ነው። እንግዲህ አንድ ዘር አሜሪካ ላይ ሌላ ውጤት፣ እስራኤል ላይ ሌላ ውጤት ካመጣ፣ ውጤቱን ከደም ውስጥ መፈለግ ጊዜ ማባከን ይመስለኛል።

ገቢ ላይ ልመለስ፤ እዚያም ወጥመድ አለ።

«የቤተሰብ ገቢ» ሲባል ሰው አንድ ደመወዝ ይመስለዋል። መጠይቁ የሚደምረው ግን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ አዋቂዎች ሁሉ የሚያገኙትን ነው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሦስት የአጎት ልጆች አንድ አፓርታማ ተከራይተው፣ እያንዳንዳቸው 35 ሺህ ቢያገኙ ያ ቤት 105 ሺህ ገቢ ያለው ተብሎ ይጻፋል። ጎረቤታቸው ደግሞ ብቻዋን የምትኖር ነርስ ናት፣ 80 ሺህ ታገኛለች። ወረቀቱ ላይ ልጆቹ በለጧት። ሶፋ ላይ የሚተኛው ልጅ ይሄን ቢሰማ ይስቃል።

ከተማውም እንዲሁ። ዋሽንግተንና ሂውስተን ላይ አንድ ዓይነት ገንዘብ አንድ ዓይነት ኑሮ አይገዛም። እኛ የተከማቸነው የቤት ኪራይ ነፍስ የሚያወጣበት አካባቢ ነው። ዕድሜም አለ። ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰውና አምና በዲቪ የመጣ ሰው አንድ ከረጢት ውስጥ ከገቡ፣ ብዙ አዲስ ሰው የሚገባለት ማኅበረሰብ ሁልጊዜ ድሃ ይመስላል። የገባው ሁሉ ሲለወጥ ሌላ አዲስ ደግሞ ከታች ይተካል፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም።

እና ናይጄሪያዎቹስ በዲግሪያቸው ልክ ያገኛሉ? እዚህ ላይ ነው እኔን ቁጥሩ ያስደነገጠኝ። ከአገሬው እጥፍ ዲግሪ ይዘው የቤተሰብ ገቢያቸው ከአገሬው መካከለኛ የሚበልጠው በትንሹ ነው። እጥፍ የተማረ ሰው እጥፍ ባያገኝ እንኳ ብዙ መብለጥ ነበረበት። የቀረው የት ገባ? ከፊሉ አገር ቤት የተገኘ ዲግሪ ስለሆነ ቀጣሪው አያውቀውም። ከፊሉ ቆዳው ነው፣ ስሙ ነው፣ የአነጋገር ቅላጼው ነው። ከፊሉም ሐኪም ሆኖ መጥቶ እንደገና እንዲፈተን፣ እንደገና ሬዚደንሲ (የሆስፒታል የሐኪም ሥልጠና) እንዲገባ ስለሚጠየቅ ነው። ካፌ ውስጥ የምንቀናበት ሰው ራሱ እየተጎዳ ነው።

ስለ ፓርኪንጉም ሐቁን እንናገር። አንድ የማውቀው ሰው ጎንደር ላይ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበር። በ38 ዓመቱ ዲቪ ደረሰው። ሐሙስ ገባ፣ ሰኞ የአክስቱ ልጅ የፓርኪንግ ጋራዥ ይዞት ወረደ። «ለጊዜው ነው» ተባለ። ዩኒፎርም ሰጡት፣ የመኪና ቁልፍ የሚሰቀልበትን ሰሌዳ አሳዩት፣ ዓርብ ቲፑን በእጁ ቆጠረ። አገር ቤት እናቱ መድኃኒት ይፈልጋሉ፣ ታናሹ የኮሌጅ ክፍያ አለበት፣ ለትኬቱ የተበደረው ብር ደግሞ ወለድ ባይኖረውም ይሉኝታ አለው። ዲግሪውን ማስገምገም ገንዘብ ይጠይቃል፣ ሰርተፊኬት መውሰድ ጊዜ ይጠይቃል። የሚያማክረው ሰው ሁሉ ጋራዥ ውስጥ ነው ያለው። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ሰነፍ ነው የሚል ካለ፣ በጥር ብርድ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መሬት ሥር ያለው ቡዝ ውስጥ ሄዶ ይየው።

ናይጄሪያዊቷ አዲስ ገቢ ስትመጣ የሚቀበሏት አክስቷ ደግሞ ነርስ ናቸው። የትኛው ፈተና፣ የትኛው መጽሐፍ፣ የትኛው ሆስፒታል ስፖንሰር እንደሚያደርግ በመጀመሪያው ሳምንት ይነግሯታል። ልዩነት ካለ እዚህ ነው፤ ማን ኤርፖርት ላይ ይቀበልሃል የሚለው። ሰው ዘመዱ በሚያውቀው ሥራ ነው የሚገባው፣ ያም ሥራ ለሚቀጥለው ዘመድ በር ይሆናል። ደግነቱ ይሄ ይለወጣል። አሁን እኛም ጋ ነርሱ በዝቷል፣ ፋርማሲስቱ አለ፣ ቨርጂኒያ ላይ ኮምፒውተር ያልተማረ ልጅ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። ቁጥሩ ውስጥ ለመግባት ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ለዚያውም ልጆቻችን ፎርሙ ላይ «ኢትዮጵያዊ» ብለው ከጻፉ ነው።

ባለፈው ለሠርግ ሂውስተን ሄጄ ከኤርፖርት ኡበር ያዝኩ። ሹፌሩ ናይጄሪያዊ፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ትህትናው ደስ የሚል። ከየት ነህ አለኝ፣ ነገርኩት። ሳቀና ወደ መስታወቱ ቀና አለ። «እናንተማ ሰው ናችሁ። ዋሽንግተን ሄጄ አይቻለሁ፤ ሬስቶራንቱ የእናንተ፣ ፓርኪንጉ የእናንተ፣ ታክሲው የእናንተ። ትተባበራላችሁ። እኛ ያለን ወረቀት ብቻ ነው።» በሲቪል ምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪ አለው። ዳሽቦርዱ ላይ የባለቤቱ የሆስፒታል ባጅ ተንጠልጥሏል፤ እኔን አድርሶ እሷን ከሌሊት ሺፍት ሊያመጣ ነው የሚሄደው። ያን እሁድ ካፌ ተመልሼ ይሄን ሳወራ አንዳቸውም አላመኑኝም።